ከሚዜ ወደ ሙሽራ የሚሻገር ምላጭ

ሙጂብን ፈሪ ነው ብሎ የሚያማ ሰው ሸዋሮቢት ውስጥ አልነበረም። ወንዝ ሞልቶ መንገደኛ ሲያግድ መጀመሪያ ገብቶ ጥልቀቱን በጉልበቱ የሚለካ እሱ ነው። ጁስ ቤቱ ገብቶ የሚረብሽ ሲመጣም ክንዱን ይዞ፣ እንደ ታላቅ ወንድም እየመከረ ከበር ያስወጣዋል። ታዲያ ይኸው ሰው፣ ጓደኛው ሷሊሕ ባንኮኒው ላይ ተደግፎ "እሑድ ጠዋት ጋሼ ሙዓዊያ ይላጩናል፤ አንተ አንደኛ ሚዜዬ ነህና ከእኔ በፊት ትቀመጣለህ" ሲለው፣ ክዳኑን ሳይገጥም የጁስ መፍጫውን አስነሳው። ፓፓያው ጣሪያው ላይ ተለጠፈ። ሷሊሕ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሙጂብም አብሮት ሳቀ፤ መፍጫውን ማጥፋት ግን ረሳ።

ነገሩን ለማያውቅ ላስረዳ። በእነሱ ሰፈር ሙሽራ ብቻውን አይላጭም። የሰርጉ ዕለት ጠዋት ሚዜዎቹ በተራ ይቀመጣሉ፣ ሽማግሌው ላጭ በአንድ ምላጭ ጉንጭና አንገታቸውን ያጸዳል፣ መጨረሻ ላይ ሙሽራው ይቀመጣል። ምላጩ ከአንዱ ወደ አንዱ ሲሻገር አይታጠብም፤ በፎጣ ጠረግ ይደረጋል እንጂ። ከአንደኛ ሚዜው ወደ ሙሽራው ሲሻገር ደግሞ ጭራሽ አይጠረግም። "ምላጭ በወዳጅ ቆዳ ይለዝባል" ይላሉ፤ የአንደኛውን ሳሙና ይዞ ወደ ሌላው ጉንጭ ያለፈ ምላጭ ሁለቱን ወንድማማች ያደርጋል ነው ነገሩ። የመስጊዱ ኡስታዝ "ይሄ ከየት የመጣ ነው? ኪታብ ውስጥ የለም" ቢሉም የሰማቸው የለም። ክርስቲያኑ ሚዜም ቢሆን ተራውን ጠብቆ ይቀመጣል። ሰው ለማይገባው ነገር ነው ይበልጥ የሚታመነው።

ሙጂብ ደሙ ውስጥ ያለውን ያውቃል። ባለፈው ክረምት እህቱ ወልዳ ብዙ ደም ሲፈሳት "የኔን ውሰዱ" ብሎ እጅጌውን ሰብስቦ ሮጦ ነበር። መርምረው መለሱት። ሲስተር ኤደን የምትባል ነርስ ለብቻው ጠርታ፣ የጉበት ቫይረስ እንደተገኘበት፣ ሄፓታይተስ ቢ እንደሚባል፣ ዓይኑ ቢጫ ባይሆንም በደም እንደሚተላለፍ ነገረችው። "ከሰው ጋር ብላ፣ ጠጣ፣ ተጨባበጥ፤ በዚያ አይተላለፍም። ምላጭህን ግን ለማንም እንዳታውስ፣ የማንንም እንዳትዋስ። ለዓይን የማይታይ ደም ይበቃዋል" አለችው። ክትትል ጀመረ፤ ቀጠሮውን አሳልፎ አያውቅም። ለሰው ግን ትንፍሽ አላለም። ለማን ይናገራል? ጁስ ሻጭ ነው። ወሬው የወጣ ዕለት ማንጎው እዚያው ሳጥኑ ውስጥ እንደሚበሰብስ አይጠፋውም። አገሩ ደግሞ "ጉበቱን ነው" ብትለው "እሱን ሳይሆን ያንኛውን በሽታ ነው" ብሎ የሚጨምርልህ አገር ነው።

ስለዚህ ዘዴ ፈለገ።

"ስማኝ" አለው ሷሊሕን፣ ጣሪያውን በጨርቅ እየጠረገ። "ለምን ፍቅሩ ጋ አንሄድም? ወንበሩ ወደ ኋላ ይተኛል፣ ማሽን አለው፣ ለእያንዳንዱ ሰው አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ ያወጣል። ፎቶ ላይም ታምራለህ።"

ፍቅሩ ከሚዜዎቹ አንዱ ነው፤ አስፋልቱ ዳር ጸጉር ቤት አለው።

"እኔማ ደስ ባለኝ" አለ ሷሊሕ። "ግን አባቴ በጋሼ ሙዓዊያ እጅ ተላጭቶ ነው እናቴን ያገባው። ሽማግሌው ዓይናቸው ደክሟል፤ ከእኔ በኋላ ሌላ ሙሽራ አይላጩም። በማሽን ከተላጨሁ ዘመዱ ሰርጌን ትቶ ጢሜን ነው የሚያወራው።"

"ዓይናቸው ደክሟል?"

"ቢደክምስ። እጃቸው ያውቀዋል።"

ሙጂብ ይህን ሲሰማ የባሰ ፈራ።

የሰርጉ ቀን እስኪደርስ ያላሰበው ማምለጫ የለም። ማጀቴ ያለው አጎቴ ታመመ ልበል? አጎቱ ራሱ ለሰርጉ ይመጣል። እቤቴ ተላጭቼ ልሂድ? ተላጭቶ የመጣ ሚዜ ሙሽራውን እንደካደ ነው የሚቆጠረው። ለሷሊሕ ብቻ ልንገረው? አንድ ቀን ስልኩን አንስቶ ደወለለት፤ ሷሊሕ "ሄሎ" ሲል "ስንት ሳጥን ማንጎ ልላክ?" ብሎ ዘጋው። መጨረሻ ላይ ፍቅሩ ጋ ሄደና ማሽኑንና አዲስ ምላጭ ይዞ እንዲመጣ ለመነው። ፍቅሩ ምክንያቱን አልጠየቀም፤ የሠርገኛው ዓይን ሁሉ የሚያይበት ቦታ ሥራውን የሚያሳይ መስሎት ደስ አለው።

እሑድ ጠዋት የሷሊሕ አባት ግቢ ውስጥ፣ ዳሱ ጥግ አንድ የእንጨት ወንበር ተቀመጠ። የቀወት ቆላ ገና በጠዋቱ ይግላል፤ የዳሱ ሸራ ሥር ያለው አየር አይንቀሳቀስም። ጋሼ ሙዓዊያ ነጭ ቆባቸውን አድርገው በባጃጅ መጡ። ተጣጣፊውን ምላጭ ከመሃረባቸው ፈተው አወጡና፣ የቀበቷቸውን ጫፍ በእግራቸው ረግጠው፣ ሌላውን ጫፍ ወጥረው ያፋጩት ጀመር። ሙጂብ ድምፁ ጥርሱ ሥር ተሰማው።

መጀመሪያ የተቀመጠው ያሕያ ነው። ከካቻምና ወዲህ ባለትዳር፣ የአንዲት ጨቅላ አባት ሆኗል፤ ይህን ለሰው ሁሉ ለመንገር አጋጣሚ አያልፈውም። ጋሼ ሙዓዊያ አገጩን በአውራ ጣታቸው እየዳበሱ ላጩት። ዓይናቸው ሳይሆን ጣታቸው ነበር የሚመራቸው። ከጆሮው ሥር ሲደርሱ ጫር አደረጉት፤ ቀይ ነጥብ ወጣች። ጫን አሉባት፣ ምላጩን በፎጣው ጠረግ አደረጉና "ቀጣይ" አሉ።

ፍቅሩ ማሽኑን ከቦርሳው አወጣና አስነሳው።

"ይሄ የሚያጉረመርመው ምንድነው?" አሉ ሽማግሌው።

"ማሽን ነው ጋሼ። ቻርጅ አድርጌው ነው የመጣሁት። ከፈቀዱልኝ..."

"ሙሽራ ልንላጭ ነው የመጣነው ወይስ በግ ልንሸልት?"

ዳሱ በሳቅ ሞላ። ፍቅሩም እየሳቀ ማሽኑን አጠፋና ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። እንግዲህ ለሙጂብ የቀረው ከፍቅሩ ተቀብሎ ኪሱ የከተተው አዲስ ምላጭ ብቻ ነበር። የፍቅሩ ተራ እስኪያልቅ ወረቀቱን በጣቱ ሲያሻሽ ቆየ፤ ላቡ ወረቀቱን አራሰው።

"ጋሼ" አለ ሲጠሩት፣ "ለእኔና ለሷሊሕ በዚህ ቢላጩን? አዲስ ነው፣ ማንም አልተላጨበትም።"

ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ዳበሱት፣ መለሱለት። "የኔ ምላጭ ምን ሆነ? ዛገ?"

"አልዛገም ጋሼ።"

"እንግዲያስ እጄን ነው የጠላኸው።"

"ሙጂብ፣ ዛሬ ምን ነክቶሃል?" አለ ሷሊሕ። ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ዘመድ እየሰማ ነው።

"እሺ፣ አንተ ቅደመኝ። እኔ ከአንተ በኋላ ልላጭ።"

ያሕያ በስሱ አፏጨ። ከሙሽራው ኋላ የተላጨ ሚዜ ሙሽሪትን ተመኝቷል ነው የሚባለው፤ ልጅም የሚያውቀው ነገር ነው። ሙጂብ ከአፉ ካወጣው በኋላ ነው ትዝ ያለው። ሷሊሕ አልሳቀም። ትክ ብሎ አየውና በአገጩ ወንበሩን አሳየው።

ሙጂብ ተቀመጠ። ይህን እንዴት አደረገው ብላችሁ አትፍረዱበት፤ ፍርሃት አንዳንዴ ሰውን ያስሮጣል፣ አንዳንዴ ደግሞ እንዲህ ቁጭ ያደርጋል። ሳሙናው ፊቱ ላይ ቀዘቀዘው። አሁን እናገራለሁ አለ በልቡ፣ ምላጩ ቀኝ ጉንጩን ጨረሰ። አሁን አለ፣ ግራው አለቀ። ሽማግሌው ራሱን ወደ ኋላ ገፋ አድርገው ጉሮሮውን ወጠሩት። ምናልባት ሳይቆርጠኝ ያልፋል፣ ምናልባት አላህ ያልፈኛል እያለ ትንፋሹን ያዘ። ያን ጊዜ ከማንቁርቱ በታች ቁንጥጥ አደረገው፤ ቀጥሎ የሞቀ ነገር ወደ ሸሚዙ አንገትጌ ወረደ።

"ምንም አይደል፣ ትንሽ ናት" አሉ ጋሼ ሙዓዊያ። "ሙሽራው ይምጣ።"

ሷሊሕ ሳሙናውን ተቀብቶ ጨርሷል። ሙጂብ ሲነሳ እሱ ተቀመጠ፤ ዓይኑን ጨፍኖ አንገቱን ሰጠ። ሴቶቹ ከጓዳ እልልታውን አቀለጡት። ሽማግሌው ምላጩን ሳይጠርጉ ከነአረፋው አነሱ። አረፋው ዳር ላይ ሮዝ መስመር ነበረች። ሙጂብ እንጂ ሌላ ማንም አላያትም፤ ሽማግሌውማ ጭራሽ ሊያዩአት አይችሉም። ምላጩ የሷሊሕ ጉንጭ ላይ ሊያርፍ የጣት ስፋት ሲቀረው ሙጂብ የሽማግሌውን እጅ ጨመደደ።

"እንዳይነኩት ጋሼ። ደሜ ውስጥ በሽታ አለ።"

ሷሊሕ ዓይኑን ገለጠ።

"ምን በሽታ?"

"የጉበት ቫይረስ። በደም ይተላለፋል። በምላጭ ይተላለፋል።"

"እኔና ኑርሃን እኮ ለኒካሁ ብለን ተመርምረናል" አለ ሷሊሕ፣ እንደሚከራከር ሰው።

"ያ የኤች አይ ቪ ነው። ይሄ ሌላ ነው።"

ሷሊሕ ቀስ ብሎ ከወንበሩ ተነሳና ጉንጩን በመዳፉ ዳበሰ። "ነካኝ?"

"አልነካህም።"

"አልሐምዱሊላህ። ቀድመህ ብትነግረኝ ምን ነበረበት? እኔን ነው የፈራኸው?"

"ሁሉን ነው የፈራሁት። አንተንም።"

ሷሊሕ ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ነገር ግን ሞት በአጠገቡ ያለፈው ሰው ቁጣው ቶሎ አይመጣለትም። የሙጂብን ትከሻ ያዝ አደረገ። ፍቅሩም አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አውጥቶ መያዣው ውስጥ ሰካ፣ ወንበሩን በእርጥብ ጨርቅ አበሰው። ሙጂብ ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ ተነፈሰ። ተናገረ፣ ሰማይም አልተደፋበትም።

ጋሼ ሙዓዊያ ምላጩን አልከደኑትም። እንደያዙት ቆመው ነበር።

"መቼ ያዘህ ልጄ?" አሉ።

"መቼ እንደያዘኝ አይታወቅም ጋሼ። ያወቅኩት ባለፈው ክረምት ነው። ከያዘህ ዓመታት ሊሆነው ይችላል ብለውኛል።"

ይህን ሲል የራሱን ቃል ሰማ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራው የዛሬዋን እሑድ ብቻ ነበር፤ ከኋላው ያሉትን ሰርጎች ዞር ብሎ አላያቸውም። ያሕያ ከጆሮው ሥር የተቆረጠባትን ቦታ በጣቱ ይዞ፣ አፉን ከፍቶ ያየዋል።

"የኔ ሰርግ ላይ" አለ ያሕያ፣ "አንደኛ ሚዜዬ ሷሊሕ ነበር።"

"አዎ" አለ ሷሊሕ። "ከእኔ ወደ አንተ ነው የተሻገረው።" ቆም አለ። "ከእኔ በፊት የተቀመጠው ማን ነበር?"

ያሕያ ወደ ሙጂብ ዞረ።

"እኔ ነበርኩ" አለ ሙጂብ።

ያሕያ "ልጄ" አለ። እየተጣደፈ ከዳሱ ወጣ፤ ሚስቱ ካለችበት ጓዳ በር ላይ ሲደርስ ግን ምን እንደሚላት ጠፍቶት ቆመ። ጋሼ ሙዓዊያ ወንበሩን በእጃቸው ፈልገው ተቀመጡ። "የስንቱን ልጅ ላጨሁ" አሉ። "እሱስ ከማን አገኘው? ከኔው ምላጭ ቢሆንስ?" ምላጩ ጭናቸው ላይ ነበር፤ መንካትም መጣልም ፈሩ።

"ስማኝ" አለ ሙጂብ፣ የሷሊሕን ክንድ ይዞ። "ምናልባት አልያዘህም። ምርመራው ቀን አይፈጅም። ኑርሃንም ትመረመራለች፣ ክትባት አለው፤ ከተከተበች አይነካትም። ዛሬ ግን አብረሃት አትደር፤ በዚያም ይተላለፋል። ኒካሁ ይቆይ።"

"ይቆይ? በሬ ታርዷል እኮ። ሰው ከአሊዩ አምባ መጥቷል።"

"ቢመጣም።"

የሷሊሕ ጉንጭ ላይ ያለው ሳሙና መድረቅ ጀምሮ ነበር። የተቀጠረውን መኪና፣ የተደረደረውን ወንበር፣ አባቱን እያየ ከቆመ በኋላ ኪሱ ውስጥ ስልኩ ጮኸ። አውጥቶ አየው። ወደ ሙጂብ ዘረጋው።

"ኑርሃን ናት" አለ። "እኔ አልችልም። የሙሽራ አፍ አንደኛ ሚዜው ነው። አንተ ንገራት።"

ሙጂብ ስልኩን ተቀበለ። ከአንገቱ የሚወርደው ደም ገና አልቆመም፤ በእጅጌው ጠረገውና ያን እጅጌ ከሰው አርቆ ያዘው። ከስልኩ ውስጥ ከበሮና እልልታ ይሰማል።

"ተላጨህልኝ?" አለች ኑርሃን፣ እየሳቀች። "ሚዜዎችህ ዘገዩብን እየተባለ ነው።"

"ኑርሃን፣ ሙጂብ ነኝ። ከሰው ራቅ በይና ወደ ጓዳ ግቢ፤ የምነግርሽ ነገር አለ።"

"ደግሞ ምን ልትቀልድ ነው?" አለችው። እየሳቀች ስትራመድ ይሰማዋል፤ ከበሮው እየራቀ፣ እልልታው እየሳሳ ሄደ፤ በር ተዘጋ።

"እሺ" አለች፣ "ብቻዬን ነኝ። ንገረኝ።"