እንግዳ ሥራ አይነካም

"ጠግበህ ነው!" አለች የሺሃረግ፣ ስልኩን አፏ ላይ ደቅና። "ቤት ሰጥተውህ፣ ቀለብ ሰፍረውልህ፣ ምን ጎደለህና ትመጣለህ?"

"ሥራ ነዋ፣ እማ። እዚህ አገር ጥገኝነት ጠያቂ እስኪፈረድለት መሥራት ክልክል ነው። ዓመት ከአራት ወር ግድግዳ ሳይ ኖርኩ። ነገ ማመልከቻዬን ልሰርዝ ነው። አንቺ 'ቆይ' ካልሽኝ ግን እቆያለሁ። ከሰዓት እደውላለሁ።"

ኢሞው ተቋረጠ። ኢያቄም ላሊበላን ሲያስጎበኝ ኖሮ፣ በጦርነቱ ጊዜ "እንገልሃለን" ሲሉት የተሰደደ ልጇ ነው። የዛቱበት ሰዎች ዛሬም እዚሁ ከተማ አሉ። እንዳይመጣ ትፈራለች፤ ንግግሩ ግን ጨርሶ አልገባትም። ቤትና ቀለብ የሰጠ ሁሉ ጉልበት ይፈልጋል፤ "አትሥራ" ብሎ የሚያበላ ጌታ ከየት ተፈጠረ? ጥገኛ ሲባልስ እሷ የምታውቀው የከብት ሐኪሙ በበጓ ሆድ ውስጥ አለ ያላትን ትል ነው።

"ሰማሽልኝ?" አለቻት ትርሐስን። ትርሐስ ከቀዬዋ ተፈናቅላ መጥታ፣ የሺሃረግ በጓሮዋ ባለችው ክፍል ያስጠጋቻት ሴት ናት። "ተቀምጦ እየበላ ከፋኝ ይላል!"

ትርሐስ አቀርቅራ፦ "እኔንስ ጠግባለች ይሉኛል፣ እማማ?"

"አንቺን? ኧረ በላሊበላ! እንግዳዬ አይደለሽ? በስምንት ወር አንድ ቀን ውኃ ቅጂ ብዬሻለሁ?"

"አላሉኝም። መጥረጊያ ባነሳ ይቀሙኛል። ቀኑ አይመሽልኝም፤ ሳልደክም ተኝቼ እንቅልፍ አይወስደኝም። ጥገኛስ እኔ ነኝ።"

የሺሃረግ ተናደደች፤ ወዲያው ደግሞ አፈረች። እንግዳ ሥራ አይነካም ብላ ያከበረቻት መስሏት ነበር። አክብራት ነው ወይስ አስራት? ብታስበው ብታስበው አልለይላት አለ። የሱቋን ቁልፍ ከመቀነቷ ፈታች።

"ነጠላውንና መስቀሉን ዛሬ አንቺ ሽጪ። እኔ ልጄን ልጠብቅ።"

"ዋጋውን ብሳሳትስ?"

"ትሳሳቻለሻ! ሂጂ በይ።"

ትርሐስ ነጠላዋን እንኳ በወጉ ሳታጣፋ ወጣች።

ከሰዓት ስልኩ ጮኸ። የሺሃረግ "ቆይ" ልትለው አፏን ከፈተች፤ ነጠላዋን ሳታጣፋ የወጣችው ትርሐስ ትዝ አለቻት።

"ወሰንሽልኝ፣ እማ?"

"አልወሰንኩም። ሳይገባኝ ጠግበሃል አልኩህ፤ ይቅር በለኝ። እስቲ ዛሬ ጠዋት ተነስተህ ምን እንደሠራህ ንገረኝ።"

"ምንም" አለ ኢያቄም።

የሺሃረግ በርጩማዋን ስባ ተቀመጠች።

"እሱኑ ንገረኝ" አለችው።