ዳለቻው ኩታ

ሐጀራ የብሩሹን ጫፍ በአውራ ጣቷ ጥፍር ላይ አሹላ በኩታው እጥፋት ውስጥ ፀጉር የምታክል የጥላ መስመር አወረደች። የብረት ምስሉ ከአውራ ጣት አይበልጥም። ነጭ ጨርቅ በነጭ ቀለም ብቻ ከተቀባ ግድግዳ ይመስላል፤ እሷ ቀጠን ባለ ሻይ መልክ ትጀምርና አመድማ ትደርብበታለች፤ ነጩን እጥፋቱ ጫፍ ላይ ብቻ ጣል ታደርጋለች። ፊትም እንደዚያው ነው፤ ቡናማ፣ የሸክላ ቀይ፣ ቅላቱ እንዳይጮህ ደግሞ ጥቂት አረንጓዴ።

መሳለሚያ አጠገብ፣ በሙናዊር የስጦታ ዕቃ ሱቅ ጓዳ እንዲህ ስትቀባ ሁለት ዓመት ሆናት። የሠራችው ሁሉ በሱቁ ስም ነው የሚሸጠው። ይኼኛው ግን ይለያል። አቶ ይሄይስ የሚባሉ ባለሆቴል፣ አባታቸው መርካቶ ጨርቅ ይነግዱ በነበረበት ዘመን ከአራት ደንበኞች ጋር የተነሱትን ጥቁርና ነጭ ፎቶ ይዘው መጡ። አምስቱንም በብረት አስቀርጸው ለቀለም ሰጧት። በሆቴሉ መግቢያ፣ በመስታወት ሳጥን ውስጥ ሊያቆሟቸው ነው። ከሥር የሚለጠፈው ካርድም ታትሟል፦ «ከፎቶው ላይ በትክክል የቀባችው ሐጀራ ሰማን»። ስሟ ከሥራዋ ጋር ሲወጣ የመጀመሪያው ነው።

አቶ ይሄይስ ሳያንኳኩ ገቡ፤ ባለሱቁ ሙናዊር ከኋላ ተከተላቸው። አራቱን ምስል በዓይናቸው አለፉና አባታቸው ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«ይሄ ማነው?»

«አባትዎ ናቸው፣ ጋሼ።»

«አባቴ ለማኝ ነበር እንዴ? ኩታው ምን ነክቶት ነው እንዲህ ያደፈው? ጉንጩንስ ድመት ቧጭሮት ነው?»

ሙናዊር ጣልቃ ገባ። «ታስተካክለዋለች፣ ጋሼ ይሄይስ። እጇ ስቶ ነው።»

«እጄ አልሳተም» አለች ሐጀራ። ሰው ፊት ቀና ብላ መናገር አይሆንላትም፤ አሁንም የተናገረችው ለብሩሹ ነው የሚመስለው። ፎቶውንና ማጉያ መነጽሩን ወደ እሳቸው ገፋች። «የሌሎቹ ልብስ ነጭ ነው፤ የእሳቸው ብቻ ዳለቻ። ጥለቱ ተዘቅዝቆ ወደ አንገታቸው ወጥቷል። ጉንጫቸው ተነጭቷል። ሐዘን ላይ ናቸው።»

«አንቺ ደግሞ የእኛን ለቅሶ ማን አሳየሽ?»

«አማኑኤል ሰፈር ነው ያደግኩት። የለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ያልተቀመጥኩበት ጎረቤት የለም።»

ሰውየው ማጉያውን አልነኩትም። «ታላቅ ወንድሜ በሞተ በሳምንቱ ነው የተነሳው» አሉ፣ ስለ ዝናብ እንደሚያወራ ሰው። «እናቴ ነግራኛለች። እንግዳ በምቀበልበት በር ላይ ግን ለቅሶ አላቆምም። ኩታውን አንጪው፣ ጥለቱን አውርጂው። ጉንጩን ድፈኚና ፊቱንም ቀይ ዳማ አድርጊው።»

«ስሜን ከካርዱ ያውጡት፣ የፈለጉትን እቀባለሁ።»

«አይወጣም። ነገ አንድ ዘመድ መጥቶ ቢጠይቀኝ፣ ቀቢዋ ናት እንዲህ ያደረገችው እላለሁ።»

«ፎቶው እንደዚህ አይልም።»

«ፎቶው ቤቴ ነው የሚቀመጠው። ስምሽንስ ማን ያውቀዋል?» ሳቁ። ሙናዊርም እሳቸውን አይቶ ሳቀ፤ ወዲያው ግን ፊቱን አጠቆረ።

«ስሚ፣ ሐጀራ» አላት። « ወይ ትቀቢያለሽ፣ ወይ ከነገ ጀምሮ ይቺን ደፍ አትረግጪም።»

ሐጀራ ካርዱን አንስታ ለአቶ ይሄይስ አቀበለቻቸው። ከዚያ የቀለም ማቅጠኛውን ብልቃጥ ከፍታ አባትየውን በእግራቸው ይዛ ነከረቻቸው።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ብረቱ የእርስዎ ነው። ቀለሙ የእኔ።»

መጀመሪያ የለቀቀው ጥለቱ ነበር፤ ቀጥሎ ኩታው፣ በመጨረሻ ፊቱ። ስድስት ቀን የፈጀባት ፊት በጥርስ ብሩሽ ሁለቴ ስትፈትገው ጠፋ። ሙናዊር እጇን ሊይዝ ተንጠራራና ጭቃ የመሰለው ፈሳሽ ሸሚዙ ላይ ሲፈናጠር ወደ ኋላ አለ።

«ክፉ ነሽ» አሉ አቶ ይሄይስ። «ነገ ከአንቺ የሚሻል አሥር ቀቢ አመጣለሁ።»

«ያምጡ። ስማቸውን ካርዱ ላይ ያስጽፉ እንደሆነ ግን አስቀድመው ይጠይቋቸው።»

በእጥፋቶቹ ውስጥ የቀረውን በስንጥር እየፈለቀቀች አወጣች፤ ብረቱን በንጹሕ ጨርቅ አደረቀችው። ምንም መልክ ያልቀረውን ሰውዬ በጥጥ ጠቅልላ ሳጥኑ ውስጥ አስተኛችውና ክዳኑን ገጥማ ወደ ጠረጴዛው ዳር ገፋችው።