ስሜን በኒካሔ ቀን አወቅሁት

ዓወድ ማለት አንበሳ ማለት ነው እያልኩ ሃያ አንድ ዓመት ስኩራራ ኖሬያለሁ። ማን ነገረህ ብትሉኝ፣ ማንም። ትርጉሙን ለራሴ የሰጠሁት እኔው ነኝ። ጊደር መጋላ ገበያ አብረውኝ በርበሬ የሚነግዱት ጓደኞቼም አንድ ቀን «እስቲ ዓረብኛ የሚያውቅ እንጠይቅ» አላሉም።

በ1955 ዓ.ም. ሙናን ላገባ በጀጎል ግንብ ፈላና በር አጠገብ ካለው የአባቷ ቤት ሄድኩ። ሦስት ዓመት ሽማግሌ ልኬባታለሁ፤ አባቷ ሙሳ ሁለቴ መልሰውኛል። ወንዶቹ ከእኛ ጋር፣ ሴቶቹ ከመጋረጃው ወዲያ ተቀምጠዋል። እጄ ሙሳ እጅ ውስጥ እንዳለ፣ ኒካሕ የሚያስሩት ሼህ አሚን ስሜን ጠየቁኝ።

«ዓወድ» አልኩ ደረቴን ነፍቼ።

«ማሻአላህ። የመናውያን የሚወዱት ስም ነው። ምትክ ማለት ነው፤ ልጅ ሲሞትባቸው ቀጥሎ ለሚወለደው ያወጡታል። ታላቅህ መቼ ሞተ?»

«የበኩር ልጅ ነኝ እኮ!» አልኩ። ሽማግሌው ጃጅተዋል ብዬ ተናደድኩ።

«ታላቅ ነበረው» አለች እናቴ ሐሊማ ከመጋረጃው ወዲያ።

እናቴ እውነት መናገር ሲያምራት ቀን አትመርጥም። ጣሊያን ሲወጣ በነበረው ግርግር፣ በተጠለለችበት መስጊድ ግቢ፣ የአርባ ቀን ልጅ ሞቶባት ኖሯል። አባቴ ነገሩ እንዳይነሳ ከለከለ፤ በዓመቱ እኔ ስወለድ የመናዊ ጎረቤታችን ይህን ስም አወጣልኝ።

«ጡቴ ሞልቶ ሲያሠቃየኝ» አለች፣ «እናቷ የታመመችባትን ሕፃን ታቅፈው አንዲት ባልቴት መጡ። ሕፃኗን እያጠባሁ ተጽናናሁ። ማን እንደሆኑ ሳልጠይቅ ተለያየን። ሕፃኗ ግራ እግሯ ላይ ስድስት ጣት ነበራት።»

ከሴቶቹ በኩል ብርጭቆ ወድቆ ተሰበረ። «እኔ በተስቦ ራሴን ስቼ ነበር፤ ልጄን ይዛ የዞረችው እናቴ ናት» አለች የሙና እናት ዘይነባ። «ያጠባቻትን ሴት ስፈልግ ኖሬ አጣኋት።» ለካ ሙና ስድስት ጣት አላት። እኔ እግሯን የት አይቼ!

ክው አልኩ። አንድ ጡት የጠቡ እህትና ወንድም ናቸው፣ አይጋቡም፤ ይህን ጀጎል ውስጥ የማያውቅ የለም። ሼህ አሚን ግን ትንሽ ተስፋ ሰጡኝ።

«ጠግባ አምስት ጊዜ ካልጠባች አያግድም። ሐሊማ፣ ስንቴ አጠባሻት?»

ሦስት በዪ እማ፣ ሦስት ብቻ፣ እያልኩ በልቤ ለመንኳት። ገበያ ላይ ዋጋ ስታስቀንስ ስንት የምትዋሽ ሴት ናት።

«ዘጠኝ ቀን ሙሉ» አለች።

ሙሳ እጄን ለቀቁ።

እንግዳው ተበትኖ አባቷና እኔ ብቻ ስንቀር፣ ሙና ዓይኗ በለቅሶ አብጦ መጋረጃውን ገልጣ ገባች። ከወንድም አይሸፈኑምና ሻሿን አውልቃለች። ሦስት ዓመት በሐሳቤ ስስለው የኖርኩትን ፀጉር ያን ቀን አየሁት፤ ምነው ባላየሁት።