ሁለተኛዋ ሽንኩርት

«ለደሴ፣ ለኮምቦልቻና ለአካባቢው የፊልም አፍቃሪ ሕዝብ በሙሉ! በአንዲት ተዋናይት የሽንኩርት አላላጥ ላይ ለረጅም ጊዜ ሲብላላ የቆየው የአመለካከት ልዩነት በውይይት ሊፈታ ባለመቻሉ፣ ይህ ሱቅ ከአንጃው ጋር የነበረውን ግንኙነት ማቋረጡን በጥልቅ ሐዘን ያስታውቃል።»

ይህን በካርቶን ላይ ጽፎ ሰኞ ገበያ ካለችው የቪዲዮ ካሴት ማከራያው በር ላይ የለጠፈው ሀዚም ነው። አንጃ ያለው ደግሞ አብሮ አደጉን አቤን ነበር። ዘመኑ አንጃ የሚለው ቃል ከሬዲዮ ወርዶ ሰፈር የገባበት ነበርና፣ በኳስ የተጣላውም በካርታ የተጣላውም አንጃ ይባባል ነበር።

ተዋናይቷ ሰርካዲስ ብሩ ትባላለች። ፊቷ ረዘም፣ ድምፅዋ ሻከር ያለ ነው፤ ፊልም ላይ ሁልጊዜ ጎረቤት ናት፣ አለዚያም የጎረቤት ሠራተኛ። ሌሎቹ እንባቸውን እንደ ቧንቧ ሲለቁት እሷ ዝም ትላለች። ጠብ ባመጣው ፊልም ላይ ባሏ መሞቱን የሚያረዷት ሽንኩርት ስትልጥ ነው። አትጮህም፤ ደረቷን አትመታም። ቀና ብላ መርዶ ነጋሪዎቹን ታያቸዋለች፤ ከዚያ የጀመረቻትን ሽንኩርት ልጣ ትጨርሳለች።

«ኧረ በሥላሴ!» ይላል አቤ፣ ሱቁ ውስጥ የተሰበሰበውን ሁሉ እያሳቀ። «እኛ አገር ባሏ ሞቶ ሽንኩርት የምትልጥ ሴት ብትገኝ፣ ለቀስተኛው ሬሳውን ትቶ እሷን ነበር የሚቀብራት! ይቺ ሴትዮ ጥርሷን ያመማት እንጂ ባል የሞተባት አትመስልም።»

«አንተ ጩኸት ካልሰማህ ሐዘን አይመስልህም» ይላል ሀዚም። «ወላሂ፣ ለአንተ የሚሆንህ የእሳት አደጋ መኪና ነው።»

እንዲህ ሲሰድቧት ሀዚም ይንጨረጨራል። ውስጥ ውስጡን ግን ደስ ይለዋል። ሁሉም የሚወዳት ሴት የሁሉም ናት፤ ሁሉም የናቃት ግን የማን ልትሆን ነው? የእሱ! ፊልሙን ደግሞ በደሴም በኮምቦልቻም ከእሱ ሌላ ያስቀመጠው ሱቅ አልነበረም።

በየቀኑ ዙህር ሰግዶ ሲመለስ የሱቁን የቆርቆሮ መዝጊያ እስከ ወገቡ ያወርድና ያችኑ ቦታ ይከፍታል። ያያል፣ ወደ ኋላ ያጠነጥናል፣ ያቆማል፣ ደግሞ ያያል። ደንበኞቹን «አጠንጥናችሁ መልሱ፣ ካሴት አታቁሙ፣ ይበላል!» እያለ የሚቆጣ ሰው፣ የራሱን ካሴት እንዲህ ያደርገው ነበር። አንድ ቀን ታዲያ ያላየውን አየ። ሰርካዲስ ልጣ ከጨረሰች በኋላ፣ ካሜራው ሊዞር ሲል፣ ጭኗ ላይ ያስቀመጠቻትን ሁለተኛዋን ሽንኩርት አንስታ ቀስ ብላ ወደ ቅርጫቱ መለሰቻት።

የሟቹን ድርሻ! ከእንግዲህ የምትሠራው ለአንድ ሰው ነዋ!

ሀዚም ቆሞ ተቀመጠ፣ ተቀምጦ ቆመ። ምስጢር እንደ ወተት ነው፤ ሲሞላ ይገነፍላል። ማስታወቂያውንም ግንኙነት ማቋረጡንም ረስቶ አቤን ከመንገድ ጎትቶ አስገባና አሳየው። አቤ ዝም አለ። አቤ ዝም ሲል ያየ ሰው በደሴ አልነበረም።

«አቦ፣ እስቲ ድገመው» አለ በመጨረሻ። ደገመለት። የሀዚም ስሕተት ይቺ ናት።

አቤ ኮምቦልቻ በአንድ መሥሪያ ቤት የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ ነው፤ አፉ እንጀራው ነው። ብዙም ሳይቆይ «የሰርካዲስ ብሩ አድናቂዎች ማኅበር» ኮምቦልቻ ላይ መመሥረቱና አቤ ሊቀ መንበር መሆኑ ተሰማ። ሀዚም ደወለለት።

«አንተ ጥርሷን ያመማት ነው ስትል አልነበረም?»

«ተሐድሶ አድርጌያለሁ፣ ወንድሜ!» አለ አቤ። «ደግሞ የምሥራች፤ ሰርካዲስ ራሷ ቅዳሜ ትመጣለች። ካሴቱን ይዘህ ውረድ።»

ሀዚም ስልኩን ዘጋውና ምሳውን ገፋው።

«ምን ሆነሃል?» አለች እህቱ ኡመይማ። «ሲሰድባት አበድክ፣ ሲያመሰግናት ታመምክ። ሰውየው ምን ያድርግህ? ይሙትልህ?»

«እኔ ነኝ ያገኘኋት።»

«ያልጠፋች ሴት! አብሽር፣ ወንድሜ፣ እሷም አታውቅህም፣ አታገባህም። ደግሞ ያ ካሴት እዚያች ቦታ ላይ ጠፍቷል እኮ። እኔ ቴሌቪዥኑ ላይ የሚታየኝ የሚንሿሿ ነጭ በረዶ ብቻ ነው።»

«አንቺ ማየት ስለማትችይ ነው» አላት። ለእሱ ፊቷም፣ ቢላዋውም፣ ሁለተኛዋ ሽንኩርትም ጥርት ብለው ይታዩታል።

ቅዳሜ ካሴቱን በጃኬቱ ውስጥ አቅፎ ሚኒባስ ተሳፈረ። ሐሳቡ አንድ ነው፦ ካሴቱን በእጇ ይሰጣትና «ሽንኩርቷን ያየሁት እኔ ነኝ» ይላታል። ሌላ ምንም አይፈልግም። የሐረጎን ጠመዝማዛ መንገድ ሲወርዱ የደሴ ብርድ ቀርቶ የኮምቦልቻ ሙቀት ተቀበለው፤ እሱ ግን ጃኬቱን አላወለቀም።

አዳራሹ ጢም ብሏል። ሰርካዲስ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣ ከቦርሳዋ ቆሎ እያወጣች ትቆረጥማለች፤ የክብር እንግዳ ሳይሆን ሚኒባስ የምትጠብቅ ነው የምትመስለው። ሀዚም ልቡ ቀለጠ። አቤ በሙሉ ሱፍ መድረክ ላይ ወጣ።

«የተከበራችሁ የሰርካዲስ ወዳጆች! ጩኸት ካልሰሙ ሐዘን የማይመስላቸው አሉ። ለእነሱ የሚሆናቸው የእሳት አደጋ መኪና ነው!»

ጭብጨባ። ሀዚም ጆሮውን አላመነም።

«እኔ ግን» ቀጠለ አቤ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «ይችን ትዕይንት ደጋግሜ፣ ደጋግሜ ሳይ፣ ማንም ያላየውን አየሁ። ሁለተኛዋን ሽንኩርት!»

ሰርካዲስ ቆሎውን ትታ ቀና አለች።

«አየኸው?» አለች በዚያ በሻካራ ድምፅዋ። «ዳይሬክተሩ እንኳ አላየውም ነበር እኮ። እኔም ለማንም አልነገርኩም።»

አቤንም አየችው። ሀዚም በግማሽ ቆርቆሮ ሥር ሆኖ ለራሱ ሲመኘው በኖረው ዓይነት አስተያየት ነው ያየችው። አንጀቱ እንደ ሽንኩርት ተላጠ።

«ማስረጃው እነሆ!» አለ አቤ። «ወንድሜ ሀዚም ካሴቱን ከደሴ ይዞልን መጥቷል።»

ከእጁ ወስደው መድረኩ ላይ ባለው የቪዲዮ ዴክ ውስጥ ከተቱት። ፊልሙ ጥርት ብሎ ጀመረ። መርዶ ነጋሪዎቹ ገቡ። ሰርካዲስ ቢላዋዋን እንደያዘች ቀና ስትል ቴሌቪዥኑ ላይ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ተሰነጠቀ፣ ከዚያ በረዶ። ሽሽሽሽ። በረዶው እንዳለ ቆየና ፊልሙ እንደገና ጥርት ሲል ለቀስተኛው ከቀብር እየተመለሰ ነበር።

አዳራሹ አጉረመረመ። ሀዚም ከሌላ ሰው ጋር ሆኖ ሲያየው ለመጀመሪያ ጊዜ በረዶው ታየው። ለካስ ትዕይንቷ ከካሴቱ ላይ ተፍቃ ካለቀች ከርማለች፤ በዐይኑ የቀረውን ነበር ሲያይ የኖረው።

«አጠፋው!» ብሎ ጮኸ አቤ። «እዩልኝ ወገሬት! ከፊልሙ ሁሉ እዚያችው ላይ! በቅናት አጠፋው!»

«ምቀኛ!» አለ አንዱ ከኋላ። «አንጃ!» አለ ሌላው።

ሰርካዲስ ተነሥታ ካሴቱን ከዴኩ አስወጣች። ክዳኑን ገልጣ የተሸበሸበውን ክር በጣቷ ዳሰሰችና ወደ ሀዚም መጣች።

«ወንድሜ» አለችው፣ «እኔም ቅጂ የለኝም። ያለው ይሄ ብቻ ነበር። ምን ሆና ነው ይቺ ቦታ?»

«ከማየት ብዛት» ቢላት በቂ ነበር። አዳራሹ ጸጥ ይላል፤ እሷም ታየዋለች። ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። በትከሻዋ በኩል ግን አቤ አንገቱን አስግጎ፣ ጆሮውን አቁሞ ቆሟል፤ ከንፈሩም ሊደግመው ከወዲሁ ይንቀሳቀሳል። በሚቀጥለው ስብሰባ «ካሴት እስኪያልቅ ያየናት» ሊል ነው።

ሀዚም ካሴቱን ከእጇ ተቀብሎ ጃኬቱ ውስጥ ከተተና ዚፑን እስከ አንገቱ ዘጋው።

«አንተ ነህ ያጠፋሃት?» አለችው።

«አዎ።»

«ለምን?»

«አልናገርም።»

«አንዲት ቃል እንኳ?»

«አልናገርም አልኩ።»