ቁጥር ሃያ

እህቴ፣ ልጅ አሳድገሽ ከቤት ከሸኘሽ ይሄ ይገባሻል። ትንሿ ልጄ የአንጎል ተመራማሪ ናት። ሰው እጁን ሲያንቀሳቅስ፣ እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ደም ይጠራል፤ ደሙም ቶሎ ይደርስለታል። እሷ የምታጠናው፣ ሰው ሲያረጅ ደሙ ይዘገይ እንደሆነ ነው። ሃያ አረጋዊ ያስፈልጋት ነበር። አስራ ዘጠኝ አግኝታ የማስረከቢያው ቀን ደረሰባት።

«ዘመድ ማስገባት ክልክል ነው፤ እንደማላውቅሽ ሆነሽ ነይልኝ» አለችኝ። «ካወቁብኝ ያባርሩኛል።»

ውሸት መሆኑን እያወቅኩ እሺ አልኩ። እግዜር ይቅር ይበለኝ።

መሥሪያ ቤቷ ስደርስ ነጭ ጋውኗን ለብሳ «ይግቡ እትዬ» አለችኝ። ብረት አይገባም ብላ የጋብቻ ቀለበቴን አስወለቀችኝ። ተኝተሽ የምትገቢበት፣ አንጎልን የሚያነሳው ማሽን እንደ ቧንቧ ጠባብ ነው፤ ደግሞ ይንኳኳል።

«መብራቱ ሲበራ የቀኝ ጣቶችዎን ያንቀሳቅሱ፤ ሲጠፋ ዝም ብለው ይረፉ» አለች በድምፅ ማጉያው።

መብራቱ ሲጠፋ ፈራሁ። ስፈራ እጸልያለሁ። ስጸልይ ደግሞ በአውራ ጣቴ የጣቶቼን አንጓ እየነካሁ እቆጥራለሁ። ሃምሳ ዓመት የለመድኩት ነው፤ እጄ ራሱ ነው የሚሄደው።

ስወጣ አለቃዋ ፕሮፌሰሩ ስክሪኑ ላይ አፍጥጦ ይስቃል።

«እማማ፣ ይረፉ ስንልዎ አንጎልዎ ላይ የእጅዎ ቦታ እሳት መስሏል! ምን እየሠሩ ነበር?»

«እየጸለይኩ ነበራ፤ በጣቴ እየቆጠርኩ።»

የልጄ ፊት ደም መሰለ። «ሴትዮዋ የተነገራቸውን አይሰሙም» አለችው። «ይሰረዙ።»

እንዲህ ነው ያለችኝ፤ ሴትዮዋ።

ፕሮፌሰሩ ደግ ሰው ነው፤ ጎንበስ ብሎ ጫማዬን አቀበለኝ። «ለመሆኑ ለማን ነበር የሚጸልዩት?»

«ለልጄ። ሥራዋ እንዲቃናላት።»

«የት ናት ልጅዎ?»

ቀና ብዬ አየኋት። አጠገቤ ቆማ፣ እስክሪብቶዋን ተጭና ቁጥር ሃያን ትሰርዛለች።

«ሩቅ ናት» አልኩት። ስገባ ዋሽቼ ነበር፤ ይሄኛው ግን ውሸት አልነበረም።

ቀኑ አለፈባት፣ ጥናቱም ለሌላ ሰው ተሰጠ። ይኸው ስድስት ሳምንት ሙሉ ስደውል አታነሳም። ወንድሟ «እማዬ፣ ያንቺስ ጸሎት ደርሷል፤ በስክሪን ታይቷል!» እያለ ይቀልድብኛል። አልስቅለትም።

አሁንም እጸልይላታለሁ፤ ግን ጣቶቼን ጨብጬ ነው፣ አልቆጥርም። ስሟን አልነግርሽም፣ እንጀራዋ ነው። እህቴ፣ አንቺም ስትጸልዪ ልጄን አንድ ጊዜ አስቢልኝ።