አንድ፣ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ

እና አብረው የሚመጡ፣ አብረውም የሚጠፉ አብረው ይሠራሉ፣ ነገሩ ሁሉ ይኸው ነው፣ ሳህሊቱ ሁለት ዓመት የለፋችበት የማስተርስ ጥናት ተጨምቆ ሲወጣ ይቺ ናት፣ የቲቢ ተሕዋስ አራት ሺህ ገደማ ፕሮቲን አለው፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጣበቅ በዓይኑ የሚያይ የለም፣ ስለዚህ ኮምፒውተሩ ሰንጠረዥ ይሠራል፣ ይህ ፕሮቲን በየሌላው ባክቴሪያ ውስጥ ካለ አንድ፣ ከሌለ ዜሮ፣ መስመራቸው የገጠመ ሁለቱ ወዳጆች ናቸው። አማካሪዋ ዶክተር ኢሳይያስ፣ ጓደኛህ ማነው ብሎ መጠየቅ ምን ያደርጋል፣ ማን ከማን ጋር እንደሚጠፋ ማየት ነው እንጂ፣ ይላሉ። ሲሉት ይስቃሉ። እሷም ትስቅ ነበር፣ አሁን አትስቅም።

መብራት አለ፣ ተመስገን፣ ላፕቶፑ ሦስተኛ ቀኑን ሳያቋርጥ ያጉረመርማል፣ ነገ ጊፋታ ነው፣ የወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ሶዶ ያለ ተከራይ ሁሉ ወደየእናቱ ሄዶ ግቢው ጭር ብሏል፣ በቀትር እንዲህ ጭር ማለት ምንድነው፣ ከፊት ለፊቷ የየማርያምወርቅ አልጋ፣ ፍራሹ ብቻ ቀርቷል፣ አብራት የምትኖረው የማርያምወርቅ፣ የቲቢ መድኃኒት ጀምራ ወደ ቤተሰቦቿ የሄደችው፣ አትሳዪ፣ አሁን አትሳዪ።

ሳለች። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

የምታስተምርበት ጠመኔ ነው፣ ብርዱ ነው፣ የመንገዱ አቧራ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ ምን አቧራ ነበረ ደግሞ። ከመዳፊቱ አጠገብ ጤና ጣቢያ የሰጧት የአክታ ብልቃጥ፣ ክዳኑ እንደተገጠመ፣ ስሟ በእስክሪብቶ ተጽፎበት፣ ጠዋት ምንም ሳትቀምሺ ብለዋት ነበር፣ ነገ አለች፣ ነገ ነገ ስትል ሳምንት ሆነው። የሌላውን ተሕዋስ በሩቅ ስትመረምር ትውላለች፣ የራሷን ትፈራለች። ትፈራለች፣ ምን ይደበቃል።

የራሷን ሰንጠረዥ ባትሠራው ይሻላት ነበር። ጨዋታ ነበር፣ የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር አቶ ደገፉ የአንድ ለአምስት ቡድናቸውን ሪፖርት ሙሊ ብለው የሰጧት ቅጽ፣ ከላይ አንድ ክብ ከሥሩ አምስት ክብ፣ ልክ ስክሪኑ ላይ እንዳለው፣ አንዱ ፕሮቲን መሀል ቆሞ ሌሎቹ ተንጠልጥለውበት፣ ሳቋ መጣና ቅጹን ገልብጣ ጀርባው ላይ አራት ቤት ጻፈች። ቤሌ፣ የአጎቷ የዳልጮ ቤት፣ በቲቢ ሞቶ በሐምሌ የቀበሩት፣ አንድ። ቦምቤ፣ አክስቷ፣ መድኃኒት ላይ ያለችው፣ አንድ። ይህ ክፍል፣ አንድ። ቦዲቲ፣ እናቷ፣ ዜሮ፣ ተመስገን ዜሮ። የበሽታው መስመር ይህ ነው። አሁን ከዚህ ጋር የሚገጥመው ማነው፣ ከየቤቱ ማን ገብቶ ነበር፣ የአጎቷ ልጅ ጦና፣ ከብት ነጋዴው፣ እሱ ነው እሱ ነው፣ እሱ እንዲሆን እንዴት ተመኘች፣ አንድ፣ አንድ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። እዚህ ክፍል ረግጦ አያውቅም። ከዚያ የራሷን ጻፈች።

አንድ፣ አንድ፣ አንድ። አጎቷን ያስታመመችው፣ አክስቷ ጋ የሰነበተችው፣ እዚህ የምታድረው። ቦዲቲስ፣ ለፋሲካ ነው የሄድሽው፣ ሳሉ የጀመረሽ መቼ ነው፣ የፋሲካ ሰሞን፣ በፊት ነው በኋላ፣ በኋላ ነው፣ በኋላ ይሁን፣ ዜሮ። ገጠመ። ያዞረችው እሷ ናት።

ስለዚህ አትሄድም። ጊፋታ ላይ የሚሆነውን ታውቃለች፣ እናቷ አስካለች የጠመቀችውን ቦርዴ በቅል ቀድታ ነይ ትላታለች፣ ጉንጭ ለጉንጭ ገጥመው ከአንድ ቅል ባንዴ መጠጣት ነው፣ ሁለት አፍ አንድ ትንፋሽ፣ በጉንጭ ካልጠጡማ ምኑን እናትና ልጅ ሆኑት፣ እናቷ ደግሞ ስኳር አለባት፣ አቅም የላትም፣ ያን ዜሮ አንድ የምታደርገው ሳህሊቱ ራሷ ናት። ጠዋት ደውላ፣ እማዬ ፈተና እያረምኩ ነው አልመጣም አለቻት። ደህና ነሽ ወይ። ደህና ነኝ ልጄ አለች እናቷ፣ በየእሑዱ ስትደውልላት እንደምትለው፣ ደህና ነኝ። ሳህሊቱ ዋሸቻት፣ ግን አዳነቻት፣ እናት ከሞት የምትተርፍበት ውሸት እንደ ጽድቅ ይቆጠር።

ባጃጅ። በሩ ላይ ቆመ።

ማን ሊሆን፣ ግቢው ባዶ ነው፣ እርምጃው ያዘግማል፣ ታውቀዋለች፣ እግሯ በስኳሩ ከደነዘዘ ወዲህ ቀኙን የምትጎትተው፣ አይሆንም፣ ከቦዲቲ እስከዚህ፣ ሳህሊቱ፣ ይላል ድምፁ፣ አንቺ ካልመጣሽ እኔ መጣሁ፣ ክፈችልኝ ቅሉ ከብዶኛል። ሳህሊቱ ከበሩ ላይ ልጥፍ ትላለች፣ መቀርቀሪያውን በሁለት እጇ ይዛ፣ ጉንጯ እንጨቱ ላይ፣ ከማዶ የእናቷ ትንፋሽ ይሰማል፣ ቅርብ ነው፣ በጣም ቅርብ።

«አልከፍትም እማዬ። አሞኛል፣ የሚተላለፍ ነው።»

ሳል፣ ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እጇን አፏ ላይ ታደርጋለች፣ አፏ ግን ዝግ ነው።

«ይሄ ነው? እኔንም ከሰኔ ጀምሮ ይዞኛል» ትላለች እናቷ ከውጭ። «እንዳትሰጊ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ።»

ከሰኔ፣ ፋሲካ፣ ያኔም ጠጥተው ነበር፣ ያኔም ጉንጭ ለጉንጭ፣ የእናቷ ጉንጭ ላብ ነበረው፣ ሳህሊቱም ያኔ ስላ ነበር፣ ብርድ ነው ብላ፣ በፊት ነበር፣ በፊት እንጂ። ዜሮውን የጻፈው ኮምፒውተር አይደለም። ዶክተር ኢሳይያስ ደጋግመው ነግረዋት ነበር፣ ዜሮ ማለት የለም ማለት አይደለም፣ አላየነውም ማለት ነው፣ ደግሞም መስመሩ ሁለቱን ያገናኛል እንጂ ከማን ወደ ማን እንደሄደ አይናገርም፣ ይህን ለተማሪዎቿ አስተምራለች፣ ሰሌዳ ላይ ጽፋ።

ሳህሊቱ፣ ልጄ።

ብልቃጡ አንድ ነው፣ ትላለች በልቧ፣ ሁለት ያስፈልጋል፣ ለነገ ጠዋት ሁለት፣ እና መቀርቀሪያውን ትስባለች።