ለአንድ ሴሚስተር ብቻ

አቶ አያሌው ልጃቸው የገባበትን የኮሌጅ ማኅበር በአንድ ቃል ነበር የሚጠሩት፤ እድር። ኃይለልዑል ደረቱ ላይ ሦስት የግሪክ ፊደል የተለጠፈበት ሹራብ ለብሶ ሲልቨር ስፕሪንግ ወዳለው አፓርትማቸው የመጣ ዕለት እናቱ ወይዘሮ የሻሽወርቅ ደንግጠው ነበር። ፊደል ለጥፈው በየቤቱ የሚሰባሰቡ የኮሌጅ ልጆች መጨረሻቸው መጠጥ ነው ሲባል ሰምተዋል። አቶ አያሌው ግን ሳይፈርዱ ጠየቁ።

"መዋጮ አላችሁ?"

"አለን።"

"ሊቀ መንበር ትመርጣላችሁ?"

"ፕሬዚዳንት እንመርጣለን።"

"አንዱ ሲቸግረው ሌላው ይደርስለታል?"

"ወንድማማች ነን እኮ የምንባባለው፣ አባዬ።"

"እንግዲያው እድር ነው" አሉና ፊታቸውን ወደ ቴሌቪዥኑ መለሱ።

የሻሽወርቅን ያረጋጋቸው ግን ይህ አይደለም፤ ሱሃይብ አብሮ መግባቱ ነው። ሱሃይብ የአቶ ጀላልዲንና የወይዘሮ ሰአዳ ልጅ ነው። ሁለቱ ቤተሰቦች በአንድ ሕንፃ ውስጥ ላይና ታች ሆነው ልጆቻቸውን አብረው አሳድገዋል። እነ ሱሃይብ በኋላ ወደ አሌክሳንድሪያ ቢዛወሩም ልጆቹ አልተነጣጠሉም። አንድ ዩኒቨርሲቲ ገቡ፤ አንድ ክፍል ተጋሩ፤ በመጨረሻም አንድ ማኅበር ገቡ። ቢራ በአፉ ዞሮ የማያውቅ ልጅ ካለበት ማኅበር ምን ክፉ ይመጣል?

በሦስተኛው ዓመት ኃይለልዑል ፕሬዚዳንት ሆነ። ሱሃይብ ምንም አልሆነም፤ ሥራውን የሚሠራው ግን እሱ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ዊተን በሚገኘው ቤተ መጻሕፍት ለመጤ ቤተሰብ ልጆች ሒሳብ ማስጠናት የጀመረው ሱሃይብ ነው። ቦታውን ለምኖ ያገኘ፣ ከሐበሻ እናቶች ጋር በአማርኛ፣ ከሳልቫዶር እናቶች ጋር በእጁ እያወራ የተግባባ፣ ተኝተው የሚያረፍዱትን የማኅበሩን ልጆች በስልክ እየቀሰቀሰ የሚያመጣ እሱ ነው። ኃይለልዑል ንግግር ያሳምራል፤ ሱሃይብ ወንበር ይደረድራል። ሁለቱም በዚህ ቅር ብሏቸው አያውቅም።

በፈረንጆቹ 2012 መኸር ላይ የአቶ ጀላልዲን ኩላሊት ሥራ አቆመ። በሳምንት ሦስት ጊዜ ጠዋት ጠዋት ወደ እጥበት መሄድ ነበረባቸው። ወይዘሮ ሰአዳ መኪና አይነዱም፤ ደግሞም በማለዳ ሥራ ይገባሉ። ስለዚህ የሚያደርሳቸው ሱሃይብ ሆነ። የሱሃይብ የኬሚስትሪ ክፍል ደግሞ በዚያው ሰዓት ነበር። መምህር ለአባት ኩላሊት ብሎ ሰዓት አይቀይርም። ግሬዱ ወረደ።

ይህ የሱሃይብ የግል ችግር ሆኖ ሊቀር ይችል ነበር፤ ዋንጫው ባይኖር። ዩኒቨርሲቲው በየዓመቱ ሚያዝያ ላይ ማኅበራቱን ሰብስቦ ይሸልማል። የአባላቱ አማካይ ውጤት ከሁሉም ለበለጠው ማኅበር የትምህርት ዋንጫ ይሰጣል፤ ከተማሪዎቹም መካከል አንዱ የዓመቱ መሪ ተብሎ ይመረጣል። የኃይለልዑል ማኅበር ዋንጫውን አግኝቶ አያውቅም። በዚያ ዓመት ግን ደረሱበት ሊባል በሚችል ርቀት ላይ ነበሩ፤ የማኅበሩ የትምህርት ኃላፊ ብራይስ ኮምፒውተሩን ከፍቶ ለኃይለልዑል አሳየው። ወደ ታች የሚጎትታቸው አንድ ሰው ነው።

"ኢንአክቲቭ ይሁን" አለ ብራይስ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ከነቃ አባልነት የወጣ ሰው ውጤቱ አይቆጠርም፤ ደንቡ ይፈቅዳል። "ጓደኛህ ነው፤ አንተ ብትነግረው ይሻላል።"

ኃይለልዑል ወደ አሌክሳንድሪያ ነዳ። እጥበት ቤቱ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሱሃይብ ወንበሩን ወደ ኋላ ዘርግቶ፣ የኬሚስትሪ መጽሐፉን መሪው ላይ እንደከፈተ ተኝቶ አገኘው። መስኮቱን ሲያንኳኳ ሱሃይብ ዓይኑን ሳይገልጥ በሩን ከፈተለት።

"ፕሬዚዳንቱ በአካል መጡ" አለ። "ማን ሞተ?"

"ማንም አልሞተም። ጋሽ ጀላልዲን እንዴት ናቸው?"

"ውስጥ ነው። አጠገቡ የሚተኛውን ሽማግሌ የኢትዮጵያ ፖለቲካ እያስተማረው ነው። ሰውየው የአናንዴል ኮሪያዊ ነው፤ አንድ ቃል አይገባውም፤ ግን በሁሉም ይስማማል።"

ሳቁ። ኃይለልዑል ሳቁ ሳይበርድ ጀመረ፤ እንዲህ ዓይነት ነገር በሳቅ መካከል ሲነገር የሚቀል መስሎት ነበር። እየተጨናነቅክ ነው አለው፤ ስብሰባ አለ፣ መዋጮ አለ፣ ብዙ ነገር አለ አለው። ኢንአክቲቭ ብትሆን ታርፋለህ አለው።

ሱሃይብ ወንበሩን ቀና አደረገ።

"ለእኔ ዕረፍት ነው ወይስ ለዋንጫው?"

"ለሁለታችሁም" አለ ኃይለልዑል። ያን ጊዜ እውነት መስሎት ነበር። "ለአንድ ሴሚስተር ብቻ። በጥር እመልስሃለሁ፣ ቃሌ ነው።"

"የቅዳሜዎቹን ልጆችስ ማን ያስጠናል?"

"እኛ እናስጠናለን።"

"እናንተ" አለ ሱሃይብ፤ ቃሉን ቀምሶ እንደሚያጣጥም ሰው። ከዚያ "እሺ" አለ። አልተከራከረም። ኃይለልዑልን በኋላ ሲቆረቁረው የኖረው ይህ ነው፤ ትንሽ ቢከራከረው ኖሮ ይተወው ነበር። ወይም ይተወው ነበር ብሎ ማሰብ ይወዳል።

ጥር መጣ። ብራይስ "ከሽልማቱ በኋላ ብናደርገው አይሻልም?" አለ። ሱሃይብን ለመመለስ የአባላቱ ድምፅ ያስፈልጋል፤ ድምፅ እንዲሰጥበት አጀንዳውን የሚያቀርበው ፕሬዚዳንቱ ነው። ፕሬዚዳንቱ አላቀረበም። ነገ፣ የሚቀጥለው ስብሰባ፣ ከፈተና በኋላ እያለ ሚያዝያ ደረሰ።

ዋንጫውን አገኙ። አዳራሹ በጭብጨባ ሲናወጥ ደግሞ የኃይለልዑል ስም ተጠራ፤ የዓመቱ መሪም እሱው ነበር። መድረክ መሪዋ የተመረጠበትን ምክንያት አነበበች። "በዊተን ለመጤ ልጆች የመሠረተው የቅዳሜ ጥናት" አለች። የመሠረተው። ማመልከቻውን የላኩት የማኅበሩ ልጆች ናቸው፤ ኢንአክቲቭ የሆነ ሰው ለሽልማት አይታጭም፤ ስለዚህ የሱሃይብ ሥራ ባለቤት አጥቶ ተገኘና በአጠገቡ ለቆመው ተሰጠ። ኃይለልዑል ማይክሮፎኑ ፊት ቆሞ ማኅበሩን አመሰገነ፤ ወላጆቹን አመሰገነ፤ ሰዓት አልቋል ተባለና ወረደ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅ ይህን ሰምተው ዝም የሚሉ ሴት አይደሉም። ከፋሲካ በኋላ ባለ አንድ እሑድ፣ የሕንፃውን ፓርቲ ሩም ተከራይተው ድግስ ደገሱ። የመጀመሪያውን ስልክ የደወሉት ለወይዘሮ ሰአዳ ነው፤ እንደ ልማዳቸው፣ የእስላሙን ወጥ ሰአዳ እንድትሠራላቸው። ከጥንት ጀምሮ በሁለቱ ቤት ድግስ ሲኖር የክርስቲያኑና የእስላሙ ሥጋ በየባለቤቱ እጅ ይሠራል፤ ማንም ሳይቀር ጠግቦ ይወጣል። ወይዘሮ ሰአዳ ከሥራ መልስ ሽንኩርት ሲያቁላሉ አመሹ። ለማን ድል እንደሚያቁላሉ አልጠየቁም። የልጃቸው ማኅበር አሸንፏል፤ ሌላ ምን ይጠይቃሉ?

ድስቱን ተሸክሞ የገባው ሱሃይብ ነበር። ትልቅ ድስት ነው፤ በሁለት እጁ አቅፎ፣ በትከሻው በሩን ገፍቶ ገባ። ዋንጫው መሐል ጠረጴዛ ላይ፣ በሰላጣውና በድፎው መካከል ቆሟል። አቶ አያሌው በመሐረባቸው ይወለውሉታል።

"ና እስቲ ሱሃይብ፣ ዋንጫህን እየው" አሉት።

"አየሁት፣ ጋሽ አያሌው። ትልቅ ነው" አለ ሱሃይብ። "ድስቱን የት ላድርገው? ሊያመልጠኝ ነው።"

ኃይለልዑል ሮጦ አንዱን ጆሮ ያዘለት። አብረው አስቀመጡት። ሱሃይብ "ቴንክስ" አለው፤ አስተናጋጅን እንደሚያመሰግኑት ያህል።

ተበላ። አቶ አያሌው ብርጭቋቸውን በማንኪያ መቱና ልጃቸውን እንዲናገር አዘዙት። ኃይለልዑል ተነሣ። ከአዳራሹ መድረክ ይልቅ ይህ ክፍል ከበደው። እዚያ የነበሩት አያውቁትም፤ እዚህ ያሉት ግን ጥርሱን ሲነቅል ያዩት ናቸው። የሚለውን አስቦበት ነበር። 'ዊተንን የጀመረው ሱሃይብ ነው፤ ዋንጫውንም ያገኘነው እሱን ገለል አድርገን ነው።' ይህን ለመናገር ከመቆም ያነሰ ጊዜ ይበቃል። አባቱን አየ፤ መሐረባቸው ገና እጃቸው ላይ ነው። ብዙ ነገር ተናገረ፤ ስለ ወንድማማችነት፣ ስለ ትጋት። መጨረሻ ላይ እንዲህ አለ፤

"ሱሃይብም ረድቶናል።"

ተጨበጨበ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ኃይለልዑል ካፉ እንደወጣች የቃሏን መጠን አወቀ። ዝም ቢል ይሻል ነበር። ሱሃይብ ጭንቅላቱን ነቀነቀ፤ ፊቱ ላይ ቁጣ አልነበረም፤ የሚፈልገውን መልስ ያገኘ ሰው ፊት ነበር።

ያኔ አቶ ጀላልዲን በከዘራቸው ተደግፈው ተነሡ። ከስተዋል፤ ኮቱ ትከሻቸው ላይ የሌላ ሰው መስሏል።

"አንድ ዱዓ ላድርግ" አሉ። ሰው ሁሉ እጁን ዘረጋ፤ ክርስቲያኑም እስላሙም። "እኔ ስታመም ብዙ ሰው ራቀኝ፤ አልፈርድም፣ ሁሉም ሩጫ ላይ ነው። ይህ ልጅ ግን እጥበት ቤቱ ድረስ ነድቶ መጥቶ፣ 'አባትህን አስታም፣ እኛ እንጠብቅሃለን' ብሎ ልጄን አሳረፈልኝ። ሱሃይብ ነግሮኛል። ወንድሙን በክፉ ቀን ያልጣለውን፣ እሱንም አላህ አይጣለው።"

"አሚን" አለ ቤቱ።

"አሜን" አለ ኃይለልዑል። እጆቹ እንደተዘረጉ ነበሩ። ምርቃቱ ላልጣለ ሰው ነው፤ እሱ ምን ብሎ ነው የተቀበለው? አቶ አያሌው በኩራት ወደ ሚስታቸው ዘንበል አሉ። "አላልኩሽም? እድር ነው።"

ኃይለልዑል መኪና ማቆሚያው ድረስ ተከትሏቸው ወጣ። ሱሃይብ አባቱን አስገብቶ ቀበቶ አሰረላቸውና በሩን ዘጋ።

"ለምን እንደዚያ አልካቸው?" አለ ኃይለልዑል ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"ምን ልበለው? ባንተ ኩላሊት ምክንያት አባረሩኝ ልበለው?"

"አልተባረርክም እኮ፣ ኢንአክቲቭ ነው የሆንከው፤ ይሄ ማለት…"

"ኃይሌ" አለ ሱሃይብ። ኃይለልዑል ማብራራቱን ትቶ ወደ ሕንፃው በር ዞረ።

"እኔ ልንገራቸው። አሁኑኑ ገብቼ ለሁሉም እናገራለሁ።"

"ተናገር። አንተ ቀለል ይልሃል፤ እሱ ደግሞ ልጄን ያስጣልኩት እኔ ነኝ ብሎ ከእጥበት ወንበሩ ላይ አይነሣም። ማወቅ የነበረበት ጊዜ አለፈ።"

"በፎል፣ መስከረም ላይ ትምህርት ሲጀመር፣ እመልስሃለሁ። አጀንዳ አድርጌ አቀርባለሁ።"

"አታቅርብ። ተናድጄ አይደለም። 'ረድቶናል' አልክ፤ 'እኛ' የምትላቸው እነማን እንደሆኑ እስካሁን አላውቅም ነበር።"

መስኮቱ ወረደ። "ሱሃይብ፣ ልጁን አታስቁመው" አሉ አቶ ጀላልዲን። "እንግዶቹ ይጠብቁታል።"

የወይዘሮ ሰአዳ ድስት እዚያው ቀርቶ ነበር። የሰው ዕቃ ባዶውን አይመለስም፤ የሻሽወርቅ ዳቦ ቆሎ ሞልተው "አድርስላት" ብለው ለልጃቸው ሰጡት። ድስቱ በኃይለልዑል መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ ሰነበተ። ማኅበሩ በበኩሉ ዊተን መሄዱን ከሽልማቱ በኋላ ተወው፤ ማንም እንዲቆም አልወሰነም፤ ብቻ ማንም አልነቃም። ኃይለልዑልም አልቀሰቀሰም።

አንድ የሰኔ ቅዳሜ ረፋድ ላይ ግን ቆረጠና አሌክሳንድሪያ ሄደ። ሱሃይብ ቤት ይኖራል ብሎ ነበር። በሩን የከፈቱለት ወይዘሮ ሰአዳ ናቸው።

"ኃይሌ? ዛሬ ቅዳሜ አይደል እንዴ?" አሉ ድስቱን እየተቀበሉ። "ዊተን አልሄድክም?"

"ዊተን?"

"ልጆቹ ጋ ነዋ። ሱሃይብ እኮ አባቱን ቁርስ አብልቶ በጠዋት ወጣ። እናንተም እዚያው ናችሁ አለኝ። ሁልጊዜም እንደዚያ ነው የሚለኝ።"

ኃይለልዑል ሰዓቱን አየ። "አርፍጄ ነው፣ እትዬ ሰአዳ" አለ።

"ታዲያ ምን ትቆማለህ? ሂድ እንጂ፤ ይጠብቅሃል እኮ!"

ሄደ። ድልድዩን ተሻግሮ ቤልትዌይ የሚባለውን የቀለበት መንገድ ይዞ፣ መንገዱን ሁሉ ሲገባ ምን እንደሚል ሲለማመድ ነበር። ይቅርታ ማለት አንድ ነገር ነው፤ ወንበር መደርደር ሌላ። ገብቶ ዝም ብሎ ወንበር ቢደረድር ይበቃ ነበር፤ ይህንንም ያውቀዋል። የጆርጂያ አቬኑ መውጫ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ ወደ ሰሜን ዊተን፣ ወደ ደቡብ ቤቱ። ልጆቹ 'ይሄ ማነው?' ብለው ሲጠይቁ ሱሃይብ ምን እንደሚመልስላቸው አሰበ። 'ይረዳናል' ቢላቸውስ?

ወደ ደቡብ ታጠፈ።

ወይዘሮ የሻሽወርቅን ቴሌቪዥኑ ላይ የቆመውን የዓመቱ መሪ ሽልማት አቧራ እየጠረጉ አገኛቸው።

"ድስቱን ሰጠሃት?"

"ሰጠኋቸው።"

"ሱሃይብስ? ጠፋ እኮ። መቼ ነው የሚመጣው?"

"በፎል" አለ ኃይለልዑል፣ ጫማውን ለማውለቅ እንዳጎነበሰ።